ቅዱስ ባስልዮስና የወጣቶች ንባብ

የቅዱስ ባስልዮስ ዘቂሣርያ የመጀመሪያ ጉባኤ ቤት የወላጆቹ ቤት ነበር። እ.ኤ.አ. በ330 ገደማ የተወለደውን ይህን አባት አያቱ ማቅሪና ሃይማኖትን፣ የንግግር ጥበብ መምህር የነበረው አባቱ ሥነ ጽሑፍን አስተማሩት። በኋላም እስከ አቴና ሄዶ ተማረ።

ለወጣቶች በጻፈው ድርሳን የአረማውያንን ግጥም በጅምላ አልከለከለም፤ ንብ ከአበባ የሚጠቅማትን ብቻ እንደምትቀስም መርጠው እንዲያነቡ አስተማረ እንጂ። ስለ አማልክት ዝሙትና ጠብ ሲነገር ጆሮን መድፈን ይገባል። ሆሜር ግን ኦዲሴዎስን ከመርከብ አደጋ አትርፎ ራቁቱን በንጉሥ ልጅ ፊት ሲያቆመው፣ ሰውየው አላፈረም፤ በልብስ ፈንታ ምግባርን ለብሷልና። በእኛ ቅኔ ቤት አነጋገር ሰሙ ዕርቃን፣ ወርቁ ምግባር መሆኑ ነው። ግጥምን ፈርተው ከልጆቻቸው የሚሸሽጉ ወላጆች ይህን ድርሳን ቢመለከቱት መልካም ነው።

ቅዱሱ እ.ኤ.አ. በ379 ዐረፈ፤ ቤተ ክርስቲያናችን በስሙ የሚጠራ ቅዳሴ አላት።