ገብረ ክርስቶስ ደስታ

ገብረ ክርስቶስ ደስታ (1924–1973 ዓ.ም.) ኢትዮጵያዊ ሠዓሊ፣ ገጣሚና የሥነ ጥበብ መምህር ነበር። በኢትዮጵያ የረቂቅ (አብስትራክት) ሥዕል ፈር ቀዳጆች ከሚባሉት አንዱ ሲሆን፣ ዛሬ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አካል በሆነው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ለዓመታት አስተምሯል።

የተወለደው በሐረር ነው። አባቱ አለቃ ደስታ ነቃጥበብ የቤተ ክህነት ሰውና የብራና ጸሐፊ ስለነበሩ ከቀለምና ከብርዕ ጋር የተዋወቀው ገና በልጅነቱ፣ እዚያው ቤታቸው ውስጥ ነበር። አዲስ አበባ የጀመረውን የሳይንስ ትምህርት አቋርጦ እ.ኤ.አ. በ1957 ወደ ጀርመን በመሄድ በኮሎኝ ከተማ ሥዕል ተማረ። በዚያው ሰሞን፣ በ1950 ዓ.ም.፣ ከቺካጎ ተምረው የተመለሱት ሠዓሊ አለ ፈለገ ሰላም በአዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቱን መሠረቱ። ገብረ ክርስቶስ ትምህርቱን ጨርሶ ሲመለስ ሥራ የጀመረው በዚሁ ትምህርት ቤት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1963 በአዲስ አበባ ያቀረበው የሥዕል ዐውደ ርእይ ብዙ አከራከረ። እስከዚያ ድረስ አብዛኛው ተመልካች የሚያውቀው የቤተ ክርስቲያን ሥዕልን፣ የታሪክ ትዕይንቶችንና የሰዎችን ምስል ነበር። ስለዚህ ቅርጽና ቀለም ብቻ የሚታይባቸው ሸራዎች ለአንዳንዱ ከውጭ የተቀዱ፣ ኢትዮጵያዊነት የጎደላቸው መሰሉ። ክርክሩ ግን ሥራዎቹን በደንብ ያየ አይመስልም፦ በዚያው ዓመት የሣለው «ጎልጎታ» ርእሱን የወሰደው ከስቅለት ነው፤ ስቅለት ደግሞ አባቱ የኖሩበት ዓለም ዋና ሥዕል ነው። እ.ኤ.አ. በ1965 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ሽልማት በሥነ ጥበብ ተቀበለ።

በመምህርነቱ ትልቅ ዐሻራ ጥሏል። እ.ኤ.አ. በ1966 እስክንድር ቦጎሲያን ከፓሪስ ተመልሶ ትምህርት ቤቱን ሲቀላቀል፣ ተማሪዎች በአንድ ግቢ ሁለት በጣም የተለያዩ መንገዶችን ለማየት ቻሉ። አንዱ በጀርመን፣ ሌላው በፓሪስ የበሰለ ነበር። ከሁለቱም ከተማሩት መካከል ሠዓሊ ዘሪሁን የትምጌታ ይገኝበታል።

ግጥምም ይጽፍ ነበር። በተለይ «ሀገሬ» የተሰኘው ግጥሙ ሥዕሎቹን አይተው በማያውቁ ሰዎች ዘንድ እንኳ ይታወቃል። ግጥሞቹ «መንገድ ስጡኝ ሰፊ» በሚል ርእስ ተሰብስበው የታተሙት ከሞተ ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው።

በደርግ ዘመን አገሩን ጥሎ በኬንያ በኩል ወደ ጀርመን፣ ከዚያም ወደ አሜሪካ ተሰደደ። መጋቢት 21 ቀን 1973 ዓ.ም. በኦክላሆማ ግዛት፣ ሎውተን በምትባል ከተማ አረፈ፤ ዕድሜው ገና ሃምሳ አልሞላም ነበር።

ትምህርት ቤቱ ከደርግ ውድቀት በኋላ ወደ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተጠቃልሎ አሁን በመሥራቹ ስም አለ የሥነ ጥበብና ዲዛይን ትምህርት ቤት ይባላል። ጀርመን ቀርተው የነበሩ የገብረ ክርስቶስ ሥዕሎችም ወደ አገር ተመልሰው፣ እ.ኤ.አ. በ2008 ዩኒቨርሲቲው በስሙ በከፈተው የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ይገኛሉ።