ሐኪም ወርቅነህ፤ አገሩን በጠባሳ ያገኘ ሰው

ቦሌ አካባቢ ለሚኖር ሰው ከባሕር ማዶ ተመላሽ ማየት ብርቅ አይደለም። ሻንጣውን እየጎተተ ከአውሮፕላን ማረፊያው ይወጣል፤ ዘመድ አዝማድ አበባ ይዞ ስሞ ይቀበለዋል። ሳምንት ሳይሞላው ግን አነጋገሩ ተበላሸ፥ በርበሬው አቃጠለኝ አለ፥ ሰው አርፍዶ ቢመጣ ተቆጣ እየተባለ ይታማል። እኛም ተማሪዎች ከዚህ ሐሜት ንጹሕ አይደለንም። ስለዚህ የሐኪም ወርቅነህ እሸቴን ሕይወት ለወንድሞቼና ለእኅቶቼ ባስታውስ እወዳለሁ።

ወርቅነህ ጎንደር ተወልደው፥ ገና የሦስት ዓመት ያህል ሕፃን ሳሉ ከወላጆቻቸው ጋራ መቅደላ ላይ ነበሩ። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር አምባውን ሲይዝ፥ ዐፄ ቴዎድሮስም ራሳቸውን ሲገድሉ፥ በግርግሩ ከወላጆቻቸው ተለያዩ። ቻምበርሌን የሚባል ኮሎኔል አንሥቶ ወደ ህንድ ወሰዳቸው። እርሱ ሲሞት ማርቲን የተባለ ሌላ ኮሎኔል የትምህርታቸውን ወጪ ቻለ፤ ስማቸውም ቻርልስ ማርቲን ሆነ። ከዚያው ከመቅደላ የተወሰዱት ልዑል ዓለማየሁ በ1872 ዓ.ም. እንግሊዝ አገር አርፈው የአገራቸውን አፈር ዳግመኛ ሳያዩ ቀርተዋል። ወርቅነህ ግን ላሆር ላይ ሕክምና ተማሩ፤ በስኮትላንድ ትምህርታቸውን አሻሽለው በበርማ የእንግሊዝ መንግሥት ሐኪም ሆኑ። በ1888 ዓ.ም. የዐድዋ ድል ወሬ ዓለምን ሲያናውጥ ልባቸው ወደ አገራቸው ተነሣ።

በ1891 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገቡ ከመቅደላ ወዲህ ሠላሳ ዓመት አልፎ ነበር። አማርኛ አያውቁም። ጠባያቸውና አነጋገራቸው ሁሉ የእንግሊዝ መኰንን ነው። ታዲያ የአገር ልጅ መሆናቸውን ማን ይመስክር? ወሬውን የሰሙት ሴት አያታቸው መጡና ከልጅነት በሰውነታቸው ላይ የቀረውን ጠባሳ አይተው ለዩዋቸው። እስቲ አንባቢ ያስበው፤ ጎልማሳው ሐኪም የገዛ አያቱ አቅፋ ስታለቅስ የምትለውን ቃል ያለ አስተርጓሚ ሊሰማ አይችልም።

ዳግማዊ ምኒልክ በደኅና ተቀበሏቸው፤ እርሳቸውም ሕመምተኞችን ያክሙ ጀመር። ነገር ግን እንጀራቸው በርማ ነበረና ተመልሰው ሄዱ። በ1900 ዓ.ም. ገደማ ዳግመኛ የመጡት የእንግሊዝ ሌጋሲዮን ሐኪም ሆነው ነው። ወይዘሮ ቀፀላ ቱሉን አገቡ፤ ደግሞም ወደ በርማ ሄዱ። ጠቅልለው የገቡት ጡረታ ከወጡ በኋላ በ1911 ዓ.ም. ገደማ ነው። በዚህ መመላለስ የሚተቻቸው አይጠፋም። እኔ ግን ሃያ ዓመት የፈጀ አንድ መመለስ ነው እላለሁ።

ከዚያ ወዲያ ያለውን ሥራቸውን ዘርዝሮ ለመጨረስ ይህ ገጽ አይበቃም። ፍልውሃን አስተዳደሩ፤ በ1917 ዓ.ም. የተከፈተውን የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት በበላይነት መሩ፤ ከባርነት ነፃ ለወጡ ልጆች ትምህርት ቤት አቆሙ። እኔን ከሁሉ የሚገርመኝ ግን፥ አማርኛ ሳያውቁ የገቡት ሰው የጂኦግራፊ መጽሐፍ በአማርኛ ማሳተማቸው ነው። የዕለት ማስታወሻቸውን ግን የሚጽፉት በእንግሊዝኛ ነበር፤ ብቻቸውን ሲሆኑ የሚያስቡት በየትኛው ቋንቋ እንደ ነበረ ከዚህ መገመት ይቻላል። በኋላም የጨርጨር ገዥ ሆነው አሰበ ተፈሪን ዋና ከተማ አድርገው አውራጃውን ለሌሎች አርአያ እንዲሆን አደራጁ።

ኢጣልያ ልትወርረን ስትዘጋጅ የኢትዮጵያ ሚኒስትር ሆነው ለንደን ተቀመጡ። በሕፃንነታቸው የወሰዳቸውን መንግሥት በሽምግልናቸው ስለ አገራቸው ይማጠኑት ጀመር። የተማጠኑትም አልሆነም። ልጆቻቸው ዮሴፍና ቢንያም ከጥቁር አንበሳ አርበኞች ጋራ ነበሩ፤ ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በኋላ ፋሺስቶች ገደሏቸው። በየቀኑ ወደ ክፍል ስንሄድ በአጠገቡ የምናልፈው የስድስት ኪሎ ሐውልት የዚያን ወር ሙታን ያስባል። ሐኪም ወርቅነህ ይህን መርዶ የሰሙት በባዕድ አገር ነው።

በ1934 ዓ.ም. አገር ነፃ ከወጣች በኋላ፥ ሰባ አምስት ዓመት አልፏቸው፥ ለመጨረሻ ጊዜ ተመለሱ። በዚህ ጊዜ አስተርጓሚ አላስፈለጋቸውም። በመስከረም 1945 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ዐረፉ።