አልፍሬድ ቬገነር፤ ምድር ትሄዳለች ያለው ሰው

ውድ የዕድራችን አባላት፣ ዘንድሮ ስለ ማን እንጻፍ ብለን ስናወጣ ስናወርድ ቆይተን፣ አቀባበሩ የገረመንን አንድ ሰው መረጥን። አልፍሬድ ቬገነር ይባላል። ዘመኑን ሁሉ በፈረንጅ እንቆጥራለንና በ1880 በርሊን ከተማ ተወለደ፤ የቄስ ልጅ ነው። የተማረው የከዋክብትን ነገር ሲሆን፣ እንጀራው ግን የአየር ጠባይ መመርመር ነበር።

ይህ ሰው ካርታ ሲመለከት አፍሪካና ደቡብ አሜሪካ እንደ ተሰበረ ገል ሲገጥሙ አየ። በ1912 አህጉራት ድሮ አንድ ነበሩ፣ ኋላ ተለያዩ ብሎ ተናገረ፤ በጦርነት ቆስሎ ሳለ በ1915 መጽሐፍ አወጣበት። የኛንም አገር አልዘነጋም። ቀይ ባሕር ቢዘጋ ዓረብና አፍሪካ ይገጥማሉ፤ አልገጥም የሚለው በአንኮበር፣ በምጽዋና በበርበራ መካከል ያለው መሬት ነው፣ እሱም ኋላ የፈሰሰ የእሳተ ገሞራ አለት ነው አለ። ይኸው አፋር መሆኑ ነው። እዚያው አፋር በ2005 ምድር 60 ኪሎ ሜትር ያህል ተሰንጥቃ እስከ 8 ሜትር ተራርቃለች።

ሊቃውንቱ ግን አልተቀበሉትም። እነሱም ቢሆኑ እንዲያው በክፋት አይደለም፤ ያን የሚያህል መሬት ማን ይገፋዋል ሲባል በቂ መልስ አልነበረውም። የጨረቃን ጉድጓዶችም ብዙዎች እሳተ ገሞራ ሲሏቸው፣ እሱ የሲሚንቶ ዱቄት ዘርግቶ በማንኪያ ሌላ ዱቄት እየጣለበት ተመሳሳይ ጉድጓድ ሠራ፤ ከሰማይ የወደቀ ድንጋይ ነው የቆፈራቸው ብሎ በ1921 ጻፈ። በሁለቱም ነገር እውነቱን ያወቁለት ከሞተ በኋላ ነው። የባሕሩ ወለል ከመሐል እየተሰነጠቀ፣ አዲስ አለት እየወጣ እንደሚሰፋ የታመነው በ1960ዎቹ ነበር።

በ1930 ግሪንላንድ በረዶ መሐል ላሉ ባልደረቦቹ ሲል ውሾች በሚጎትቱት ጋሪ 400 ኪሎ ሜትር ተጓዘ። እዚያ ያለው ስንቅ ሁሉንም አያከርምም ነበርና፣ 50 ዓመት በሞላው ቀን ራስሙስ ቪሉምሰን ከሚባል የአገሩ ተወላጅ ወጣት ጋር ተመለሰ። መንገድ ላይ ሞተ።

እኛ ድንኳኑም ሰዉም ተሟልቶልን ስንቀብር እንኳ እንደክማለን። ያ ልጅ በዚያ ብርድ ብቻውን ሬሳውን በመኝታ ከረጢት ልብስ ጠቅልሎ ሰፋ፤ በረዶ ቆፍሮ ቀበረው፤ እንዳይጠፋም የበረዶ መንሸራተቻ እንጨቱን ምልክት አድርጎ ተከለ። በግንቦት 1931 ፈላጊዎች መጥተው መቃብሩን በዚያ እንጨት አገኙት፤ እዚያው መልሰው ቀበሩት። ቪሉምሰን የጌታውን ማስታወሻ ይዞ ጉዞውን ቀጥሎ ነበር። እሱን ግን እስከ ዛሬ ያገኘው የለም።