ዱክ ካሃናሞኩና የዋይኪኪ እንግዶች

እንግዳን በደስታ መቀበል መልካም ልማድ ነው። ነገር ግን ይህ ልማድ የአገር መተዳደሪያ ንግድ በሆነ ጊዜ ለባለ አገሩ ምን ይተርፈዋል? የሐዋዊው ዋናተኛ የዱክ ካሃናሞኩ ታሪክ ይህን እንድንጠይቅ ያስገድደናል።

ዱክ የተወለደው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1890 ዓ.ም. በሆኖሉሉ ከተማ ነው። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸውም ዘመናት በዚሁ አቆጣጠር ናቸው። ስሙም ከአባቱ የወረሰው እንጂ የመስፍንነት ማዕረግ አይደለም። በዚያን ጊዜ ሐዋይ በፓስፊክ ውቅያኖስ መካከል በራስዋ ንጉሥ የምትተዳደር አገር ነበረች። ሕፃኑ ሦስት ዓመት ሳይሞላው ግን የአሜሪካና የአውሮፓ ዘር ያላቸው ነጋዴዎችና ጠበቆች፥ የአሜሪካ ወታደሮች ከመርከብ በወረዱበት ሰሞን፥ ንግሥት ሊሊኡኦካላኒን ከዙፋንዋ አወረዱዋት። በ1896 ዓ.ም. የትምህርት ቤት ቋንቋ እንግሊዝኛ እንዲሆን ታወጀ፤ በ1898 ዓ.ም. ደግሞ ደሴቶቹ ከአሜሪካ ጋር ተጠቃለሉ።

ዱክ ያደገበት ዋይኪኪ ጎደሬና ሩዝ የሚበቅልበት፥ የዓሣ ኩሬዎችም የሞሉበት ረግረግ ነበረ። በ1901 ዓ.ም. በባሕሩ ዳር ሞአና ሆቴል ተከፈተ። ከዚህም በኋላ የአካባቢው ወጣቶች እንግዶችን ዋናና በሳንቃ ላይ ቆሞ ሞገድ መጋለብን እያስተማሩ ገንዘብ ማግኘት ጀመሩ። ሞገድ መጋለብ የአያቶቻቸው ጨዋታ ሲሆን ሊጠፋ ተቃርቦ ነበር። ዱክም ትምህርቱን ሳይፈጽም ከነዚሁ ወጣቶች ጋር ተሰለፈ።

በ1911 ዓ.ም. በሆኖሉሉ ወደብ በመቶ ያርድ ዋና የዓለምን ሬኮርድ ከአራት ሰኮንድ በላይ አሻሻለ፤ ነገር ግን በአሜሪካ የነበሩት የስፖርት ሹሞች ውጤቱን አልቀበልም አሉ። በሚከተለው ዓመት በስቶክሆልም ኦሊምፒክ የመቶ ሜትር ወርቅ ሜዳሊያ በማግኘቱ ችሎታው ተረጋገጠ። በ1920 ዓ.ም. በአንትወርፕ ሁለት ወርቅ ጨመረ። ወደ አውስትራሊያም ተጉዞ የሞገድ ጉልቢያን ጥበብ ለሕዝብ አሳየ። በ1925 ዓ.ም. በካሊፎርኒያ ጠረፍ ጀልባ በተገለበጠ ጊዜ በሳንቃው እየተመላለሰ ስምንት ሰዎችን ከሞት አዳነ።

የዱክ ዝና እየገነነ በሄደ መጠን ዋይኪኪን ለማየት የሚመጣው ሰው በዛ። በ1920ዎቹ ዓመታት ቦይ ተቆፍሮ ረግረጉ ደረቀ፤ የጎደሬው እርሻ ቀርቶ ለሕንጻ ቦታ ሆነ። ዱክ ግን ከዝናው ብዙም አልተጠቀመም። የዘመኑ ደንብ ስፖርተኛ በጨዋታው ገንዘብ እንዳይቀበል ይከለክል ስለ ነበረ፥ በማዘጋጃ ቤት በጽዳት ሠራተኛነት፥ በኋላም በነዳጅ ማደያ ሠርቶ ኖረ። ከ1930ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ እየተመረጠ የሆኖሉሉ ሸሪፍ ሆነ። ይህ ሹመት በ1961 ዓ.ም. ከቀረ በኋላ ደግሞ ታላላቅ እንግዶችን በይፋ የመቀበል ሥራ ተሰጠው።

ሐዋይ የአሜሪካ ክፍለ ግዛት በሆነችበት በ1959 ዓ.ም. የጄት አውሮፕላን ጉዞ ስለ ተጀመረ እንግዳው እንደ ጎርፍ ጐረፈ። ዱክ በጥር ወር 1968 ዓ.ም. ሲሞት ዐመዱ በዋይኪኪ ባሕር ላይ ተበተነ። በ2019 ዓ.ም. አንድ ሚሊዮን ተኩል ያህል ሕዝብ ወዳላት አገር ከአሥር ሚሊዮን በላይ ጎብኝዎች ገቡ።

ከዚህ ንግድ ብዙ ቤተ ሰብ እንጀራውን ማግኘቱን አንክድም። የሞገድ ጉልቢያም የኦሊምፒክ ውድድር ለመሆን በቅቷል። የሐዋይ ቋንቋ ደግሞ በ1978 ዓ.ም. በሕገ መንግሥቱ የመንግሥት ቋንቋነትን አገኘ። ይሁን እንጂ ኑሮው፥ ይልቁንም የቤቱ ዋጋ፥ ስለ ከበደ በ2020 ዓ.ም. ሕዝብ ቆጠራ የሐዋይ ነባር ተወላጆች ከግማሽ የሚበልጡት ከደሴቶቹ ውጭ ሲኖሩ ተገኙ። እንግዳው ሲገባ ባለ ቤቱ ወጣ ማለት ነው።

በ1990 ዓ.ም. በዋይኪኪ የዱክ ሐውልት ቆመ። ጎብኝዎች ፎቶግራፍ እንዲያነሡት ፊቱ ወደ መንገዱ፥ ጀርባው ወደ ባሕሩ ተደርጓል። የሚያውቁት ሰዎች ግን ዱክ ለባሕር ጀርባውን አይሰጥም ነበር ብለው ቅር ተሰኙ። ለእኛም እንደሚመስለን እንግዳ ለመጥራት የሚያቅድ ሕዝብ ሁሉ፥ ሆቴሉን ከመሥራቱ አስቀድሞ ይህን ቅሬታ ቢያስብበት ይጠቀማል።