ሞዛርት ለወዳጁ የሰጠው ስጦታ

ቮልፍጋንግ አማዴዎስ ሞዛርት ዛሬ በኦስትርያ ግዛት ባለችው በሳልዝቡርግ ከተማ በ1756 ዓ.ም. ጃንዋሪ 27 ቀን ተወለደ። በዚህ ታሪክ የሚነገሩት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው። የተወለደበት ቀን በሮም ቤተ ክርስቲያን የቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ መታሰቢያ ነበረ፤ ስለዚህ ሲጠመቅ ከስሞቹ ሁሉ አስቀድሞ የዚህ ቅዱስ ስም ተሰጠው። አባቱ ሌኦፖልድ በከተማው ሊቀ ጳጳስ ቤት የሚያገለግል የቫዮሊን መምህር ነበረ። ለአባቱና ለእናቱ ሰባት ልጆች ተወልደው ነበር፤ አምስቱ በሕፃንነታቸው ሞቱ፤ ሞዛርትና ታላቅ እኅቱ ብቻ ቀሩ።

ሌኦፖልድ ሴት ልጁን ፒያኖ በሚመስል መሣሪያ ሲያስተምር ሕፃኑ ቀርቦ ያዳምጥ ነበረ። ትምህርቱ ሲያልቅም ወደ መሣሪያው ሄዶ እርስ በርሳቸው የሚስማሙትን ድምፆች በጣቱ እየነካ ይፈልግ ነበረ። በአምስት ዓመቱ ትንንሽ ዜማዎችን መድረስ ጀመረ፤ አባቱም በወረቀት ይጽፍለት ነበረ። በ1762 ዓ.ም. በስድስት ዓመቱ በቪየና ከተማ በንግሥት ማርያ ቴሬዛ ፊት ቀርቦ ተጫወተ።

በሚከተለው ዓመት አባትየው ቤተ ሰቡን ይዞ ለረጅም ጕዞ ተነሣ። ከሦስት ዓመት በላይ ከአገር ወደ አገር በሠረገላ ተጓዙ፤ ፓሪስንና ለንደንን አዩ፤ ሁለቱ ልጆችም በነገሥታትና በመኳንንት ፊት ተጫወቱ። ብዙ ሰዎች ይህ ሕፃን ጥበቡን ያለ ድካም ያገኘ ይመስላቸው ነበረ። ነገር ግን እንዲህ አልነበረም። ሞዛርት የታላላቅ ሊቃውንትን ሥራ በእጁ እየገለበጠ ይማር ነበረ። በለንደን በተቀመጠበት ጊዜ አቤል የሚባለውን ሊቅ ሥራ ገለበጠ። በዚያ ግልባጭ ውስጥ ክላርኔት ለሚባለው መሣሪያ የተመደበ ክፍል ነበረበት። በኋላ ዘመን እጅግ የሚወደውን መሣሪያ ጠባይ በልጅነቱ በእንዲህ ያለ ትጋት መማር ጀመረ።

ዳግመኛም በ1770 ዓ.ም. በአሥራ አራት ዓመቱ ከአባቱ ጋር ወደ ሮም ሄደ። በዚያ በጳጳሱ ጸሎት ቤት የዳዊት የንስሓ መዝሙር በብዙ ድምፅ ሲዘመር ሰማ። በጆሮው የሰማውንም በልቡ ይዞ ወደ ማደሪያው ተመለሰ፤ ምንም መጽሐፍ ሳያይ ዜማውን በወረቀት ጻፈው። የመስማት ስጦታውን ከእግዚአብሔር ተቀብሎ ነበረ፤ በየቀኑ እየሠራበት ያሳደገው ግን በትጋቱ ነው።

ክላርኔት ከእንጨት የሚሠራ የሚነፋ መሣሪያ ነው። በ1700 ዓ.ም. አካባቢ በጀርመን አገር በኑርምበርግ ከተማ ዴነር የሚባል የእጅ ጥበብ ሠራተኛ እንደ ሠራው ይነገራል። ዋሽንት የሚነፋ ሰው ትንፋሹን በአፉ ጠርዝ ላይ ያሳልፋል። በክላርኔት ጫፍ ላይ ግን ቀጭን ሆኖ የተፋቀ ሸምበቆ ታስሮበታል፤ ነፊው ጫፉን በከንፈሩ ይዞ ሲነፋ ሸምበቆው ይንቀጠቀጣል፤ ድምፁም ከዚህ ይወጣል። የክላርኔት ድምፅ በላይኛው በኩል ብሩህ ነው፤ በታችኛው በኩል ጥልቅና ለስላሳ ነው። ስለዚህ ብዙ ሰዎች ከሰው ድምፅ ጋር ያመሳስሉታል። በሞዛርት ወጣትነት ጊዜ ግን መሣሪያው ገና አዲስ ስለ ነበረ በየከተማው አይገኝም ነበር።

በ1777 ዓ.ም. ሞዛርት ሥራ ለመፈለግ ከእናቱ ጋር ወደ ማንሃይም ሄደ፤ በ1778 ዓ.ም. ደግሞ ወደ ፓሪስ ሄደ። ያ ዓመት የኀዘን ዓመት ሆነበት፤ እናቱ በፓሪስ ታማ ሞተች፤ የሚመኘውንም ሥራ አላገኘም። ብቻውን ወደ አገሩ ሲመለስ ዳግመኛ በማንሃይም ተቀመጠ። የማንሃይም ሙዚቀኞች በዚያ ዘመን እጅግ የሠለጠኑ ነበሩ፤ ክላርኔት የሚነፉም ነበሩባቸው። ሞዛርት ከዚያ ለአባቱ በጻፈው ደብዳቤ በሳልዝቡርግ ክላርኔት አለመኖሩን በቍጭት ገለጠ።

በ1781 ዓ.ም. የሊቀ ጳጳሱን አገልግሎት ትቶ በቪየና ተቀመጠ። በሚከተለውም ዓመት ኮንስታንሴ የምትባል ሴት አገባ። ተማሪዎችን በማስተማር፥ በሕዝብ ፊት በመጫወትና ዜማ በመድረስ ቤቱን ያስተዳድር ነበረ። ከ1787 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ንጉሠ ነገሥቱ በዓመት 800 ፍሎሪን ደመወዝ ሰጠው። ሆኖም ሞዛርት በገንዘብ አያያዝ ጥንቁቅ አልነበረም። ሚስቱም ብዙ ጊዜ ስለምትታመም ለሐኪምና ለፍል ውሃ የሚወጣው ወጪ ከባድ ነበረ። ስለዚህ ፑህበርግ ከሚባል ነጋዴ ደጋግሞ ገንዘብ ይበደር ነበረ።

በቪየና ቤተ መንግሥት ከሚያገለግሉት ሙዚቀኞች መካከል አንቶን ሽታድለር የሚባል የክላርኔት ነፊ ነበረ። ይህ ሰው ከሌሎች ነፊዎች ይልቅ የመሣሪያውን ዝቅተኛ ድምፆች ይወድ ነበረ። ስለዚህም ሎትዝ የሚባል የመሣሪያ ሠራተኛ ከተለመደው የረዘመ ክላርኔት ሠራለት። አዲሱ መሣሪያ ከተለመደው ክላርኔት በታች አራት ተጨማሪ ድምፆችን ያሰማ ነበረ። ሞዛርትና ሽታድለር ወዳጆች ሆኑ። በ1789 ዓ.ም. ሞዛርት ለወዳጁ አንድ ክላርኔትና አራት ባለ ክር መሣሪያዎች የሚጫወቱትን ሥራ ደረሰለት።

በ1791 ዓ.ም. ሞዛርት ከወትሮው የበለጠ ሥራ በዛበት። በሴፕቴምበር ወር በፕራግ ከተማ ለንጉሥ ዘውድ በዓል የተዘጋጀውን ኦፔራ አቀረበ፤ ሽታድለርም አብሮ ሄዶ ክላርኔቱን ነፋ። በዚያው ወር መጨረሻ ደግሞ ሌላ ኦፔራ በቪየና ታየ። ከዚህም በላይ ለሙታን ጸሎት የሚሆን ቅዳሴ እንዲደርስ ታዝዞ ነበረ። ይህ ሁሉ ሥራ ሳለበት በኦክቶበር ወር መጀመሪያ ለሽታድለር ኮንሴርቶ ጻፈለት። በዚያ ጊዜ ሚስቱ ወደ ባደን ፍል ውሃ ሄዳ ስለ ነበረ ሥራው ወደ መጨረሻው እንደ ተቃረበ በደብዳቤ ነገራት።

ኦርኬስትራ ማለት ብዙ ዓይነት መሣሪያ የያዙ ሰዎች በአንድነት የሚጫወቱበት ማኅበር ነው። ኮንሴርቶ ማለትም አንድ መሣሪያ ብቻውን ዜማውን እየመራ፥ ኦርኬስትራው እየመለሰና እየደገፈ የሚጫወቱት ሥራ ነው። ሞዛርት የወዳጁን መሣሪያ ጠንቅቆ ያውቅ ነበረ። ስለዚህ በአራቱ ዝቅተኛ ድምፆች እንዲጠቀም አድርጎ ጻፈለት፤ ከላይኛው ድምፅ ወደ ታችኛው የሚወርዱ፥ ከታችም ወደ ላይ የሚወጡ ብዙ ዜማዎችን አኖረበት። በኦርኬስትራው ውስጥም ከባለ ክሮቹ ጋር ሁለት ፍሉት፥ ሁለት ፋጎትና ሁለት ኮርኖ ብቻ አስገባ። ኃይለኛ ድምፅ ያላቸውን መለከቶችና ከበሮዎች አላስገባም። እንዲህ በመሆኑ ክላርኔቱ ዝቅ ባለ ድምፅ በተናገረ ጊዜ እንኳ ሳይሸፈን ይሰማል።

ሥራው ሦስት ክፍል ነው፤ ሁሉም በአንድነት ግማሽ ሰዓት ያህል ይፈጃል። በመጀመሪያው ክፍል ኦርኬስትራው ዜማውን ይጀምራል፤ ክላርኔቱም ቈይቶ ይቀበለዋል። ሁለተኛው ክፍል ዝግ ያለ ነው፤ ክላርኔቱ ብቻውን እንደሚጸልይ ሰው በጸጥታ ይጀምራል፤ ባለ ክሮቹም በታች ሆነው ይደግፉታል፤ በኋላ ኦርኬስትራው ያንኑ ዜማ ይደግመዋል። ሦስተኛው ክፍል የደስታ ነው፤ ዜማው በልዩ ልዩ መንገድ ሄዶ እንደ ገና ወደ መጀመሪያው ይመለሳል።

ይህ ከተጻፈ በኋላ ሁለት ወር አልሞላም፤ ሞዛርት በኖቬምበር ወር ታሞ ተኛ። በ1791 ዓ.ም. ዲሴምበር 5 ቀን በ35 ዓመቱ ሞተ። ለሙታን የጀመረውን ቅዳሴ አልፈጸመም። ሚስቱንና ሁለት ወንዶች ልጆቹን ትቶ ሄደ፤ ታናሹ ልጅ ገና አምስት ወር አልሞላውም ነበር። ከቪየና ውጭ በቅዱስ ማርክስ መቃብር ያለ ሐውልት ተቀበረ፤ ዛሬም መቃብሩ ያለበት ትክክለኛ ስፍራ አይታወቅም።

ንብረቱ በተቈጠረ ጊዜ በቤቱ የተገኘው ገንዘብ ጥቂት ነበረ። ደግሞም ሽታድለር ያለ ውል ጽሑፍ የወሰደው 500 ፍሎሪን ዕዳ እንዳለበት ታወቀ። ይህ ገንዘብ ሞዛርት ከቤተ መንግሥት በዓመት ከሚቀበለው ከግማሽ በላይ ነው። በመዝገቡም ውስጥ ሊመለስ ተስፋ እንደሌለው ዕዳ ተቈጠረ። ራሱ ተበዳሪ የነበረው ሰው ለወዳጁ አበዳሪ ሆኖ ተገኘ።

ሽታድለር በሚከተሉት ዓመታት ክላርኔቱን ይዞ በብዙ ከተማ ተዘዋወረ። ሞዛርት በእጁ የጻፈው የኮንሴርቶው መጽሐፍ ግን ጠፋ። ከዓመታት በኋላ ኮንስታንሴ በጻፈችው ደብዳቤ ሽታድለር የሞዛርት ጽሑፎች ያሉበት ሻንጣ በጀርመን አገር ተሰረቀብኝ እንዳለ፥ ሌሎች ሰዎች ግን ሻንጣውን በመያዣ ሰጥቶ ገንዘብ ተቀበለበት እንደሚሉ ገለጠች። እውነቱ እስከ ዛሬ አልታወቀም፤ ስለዚህ በሽታድለር ላይ መፍረድ አይገባም። ሆኖም ጽሑፉ እስከ ዛሬ አልተገኘም።

በ1801 ዓ.ም. ኮንሴርቶው ታተመ። ነገር ግን ብዙ ነፊዎች የሽታድለር ዓይነት መሣሪያ ስላልነበራቸው፥ ዝቅተኛዎቹ ድምፆች ወደ ላይ ከፍ ተደርገው ተለወጡ። ረጅሙም ክላርኔት ተረሳ። በ1802 ዓ.ም. ግን በላይፕሲግ በሚታተም የሙዚቃ ጋዜጣ አንድ አስተዋይ ሰው፥ ሥራው ከተጻፈበት መንገድ እንደ ተለወጠ አስታወቀ፤ የተለወጡትንም አንዳንድ ስፍራዎች አሳየ። በሃያኛው መቶ ዓመት ሊቃውንት ይህን ጽሑፍና ሞዛርት ራሱ የጻፈውን የሥራውን የመጀመሪያ ረቂቅ አስተያይተው ዝቅተኛዎቹን ድምፆች ወደ ስፍራቸው መለሱ። ደግሞም በ1794 ዓ.ም. ሽታድለር በሪጋ ከተማ በተጫወተ ጊዜ የታተመ ወረቀት ሁለት መቶ ዓመት ገደማ ካለፈ በኋላ ተገኘ፤ በላዩም የመሣሪያው ሥዕል ነበረበት። ሠራተኞችም ረጅሙን ክላርኔት እንደ ገና ሠሩት። እንዲህም ሆኖ ሞዛርት ለወዳጁ የጻፋቸው ጥልቅ ድምፆች ዳግመኛ ተሰሙ።

ከሞዛርት በኋላ ሌሎች ሊቃውንት ለክላርኔትና ለኦርኬስትራ ጻፉ። በ1811 ዓ.ም. ዌበር የሚባለው ሊቅ ለክላርኔት ነፊው ለቤርማን ሁለት ኮንሴርቶ ደረሰ። የሞዛርት ሥራ ግን ክላርኔት የሚማሩ ሁሉ እስከ ዛሬ የሚያጠኑት ሆኖ ይኖራል።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር መማር ይገባል። የመጀመሪያው ስለ ሰጪው ነው። ሞዛርት ወዳጁ የሚችለውን መረመረ፤ የወዳጁ ችሎታ የሚታይበትን ስፍራም አዘጋጀ። ለባልንጀራ የሚሰጥ መልካም ስጦታ እንዲህ ያለ ነው። በትምህርት ቤት ድምፁ ዝቅ ያለ፥ የሚፈራ ልጅ ቢኖር፥ ብርቱው ልጅ ጥቂት ዝም ብሎ እርሱ እንዲሰማ ስፍራ ቢለቅለት ይህን ስጦታ ሰጠው ማለት ነው።

ሁለተኛው ስለ ተቀባዩ ነው። አደራ የተቀበለ ሰው እንደ ዓይኑ ብሌን ሊጠብቀው ይገባል። የተበደሩትን ገንዘብ መመለስ፥ የተዋሱትን መጽሐፍ ሳይቀድዱና ሳያቈሽሹ ለባለቤቱ ማድረስ፥ የተማሩትንም ሳይረሱ ለሌላው ማስተማር የታማኝ ሰው ሥራ ነው። 500 ፍሎሪን ሊመለስ ተስፋ እንደሌለው ዕዳ ተቈጠረ፤ በእጅ የተጻፈውም መጽሐፍ ጠፋ። ዜማው ግን ባለ ዕዳውም አበዳሪውም ከሞቱ በኋላ ለዓለም ሁሉ ቀረ። እንግዲህ መልካም ሥራ የሚሠራ ሰው ብድሩን ባያይ አይዘን፤ አደራ የተቀበለም ሰው ነገ እመልሳለሁ እያለ ጊዜውን አያሳልፍ፤ ሞዛርት በ35 ዓመቱ እንደ ሞተ ያስብ።