ዐፄ ቴዎድሮስና የሊቃውንት መተዳደሪያ

ዐፄ ቴዎድሮስ ዳግማዊ በ1847 ዓ.ም. ሲነግሡ ካህናትና የቤተ ክርስቲያን መምህራን ደመወዝ አልነበራቸውም፤ የሚተዳደሩት ለአብያተ ክርስቲያናት ከተሰጠው መሬት ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ወታደሩ ገበሬውን ከመዝረፍ ተቆጥቦ በደመወዝ እንዲያድር ፈለጉ፤ ለዚህም ገቢ አስፈለገ። ስለሆነም ለአንድ ቤተ ክርስቲያን ሁለት ቄሶችንና ሦስት ዲያቆናትን የሚያኖር መሬት ብቻ ቀርቶ ሌላው ለግብር ከፋይ ገበሬ እንዲሰጥ ወሰኑ። ካህናቱ መተዳደሪያቸው በመነካቱ ተቃወሟቸው፤ ምእመኑም ልቡ ከእነርሱ ጋር ሆነ። ዐፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ ለመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን በርካታ የብራና መጻሕፍት አሰባስበው ነበር፤ ሆኖም ከሊቃውንቱ ጋር ሳይታረቁ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. በዚያው አምባ ሕይወታቸው አለፈ። በመካነ ሰላምም ካምፓስ ያለው መቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ዛሬ የአምባውን ስም ይዟል፤ መምህራኑም በመሬት ሳይሆን በመንግሥት ደመወዝ ይተዳደራሉ።