ከሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ሕይወት ለልብዎ ጤና

ውጭ አገር ያለ ልጅዎ ወይም ዘመድዎ የቫይታሚን ብልቃጥ ልኮልዎት ይሆናል። በላዩ ላይ ናያሲን የሚል ካነበቡና ኮሌስትሮል ይቀንሳል ሲባል ከሰሙ፣ ከመዋጥዎ በፊት የአንድ ጎንደሬ ሐኪም ታሪክ እናጫውትዎ።

ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ በ1857 ዓ.ም. ገደማ በጎንደር ተወለዱ። በ1860 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ሲወድቁ ከወላጆቻቸው ተለይተው በእንግሊዝ ጦር መኮንኖች እጅ ገቡ፤ ወደ ሕንድም ተወሰዱ። ቻርልስ ማርቲን የሚለው ሌላው ስማቸው የመጣው ካሳደጓቸውና ካስተማሯቸው መኮንኖች ነው። በላሆር ሕክምና ተምረው፣ በስኮትላንድ ኤድንብራ ዕውቀታቸውን አዳብረው፣ በበርማ በሐኪምነት አገለገሉ። ዘመናዊ ሕክምና የተማሩ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ እየተባሉ የሚጠሩትም በዚህ ነው።

ከአድዋ ድል በኋላ፣ በ1891 ዓ.ም.፣ የተወለዱባትን አገር ለማየት መጡ። አያታቸው በሰውነታቸው ላይ ባለው ጠባሳ ለይተው አወቋቸው። በ1900 ዓ.ም. ተመልሰው በአዲስ አበባ የእንግሊዝ ሌጋሲዮን ሐኪም ሆኑ። በዚያን ጊዜ ነበር ዳግማዊ ምኒልክ በስትሮክ ተመትተው የአልጋ ቁራኛ የሆኑት፤ በ1906 ዓ.ም. አረፉ። የደም ቅባትን የሚቀንስ አስተማማኝ መድኃኒት ያኔ በየትኛውም አገር ሐኪም እጅ አልነበረም።

ሐኪም ወርቅነህ በሕክምና ብቻ አልተወሰኑም። በ1917 ዓ.ም. የተከፈተውን የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት በኃላፊነት መርተዋል፤ ጨርጨርን አስተዳድረዋል፤ በጣሊያን ወረራ ወቅት በለንደን የኢትዮጵያ ሚኒስትር ነበሩ። በ1945 ዓ.ም. ሰማንያ ሰባት ዓመት ገደማ ሆኗቸው አረፉ። ከሁለት ዓመት በኋላ በትውልድ ከተማቸው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፈተ፤ የዛሬው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ መሠረት እርሱ ነው።

እርሳቸው ባረፉ በሦስተኛው ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1955፣ በካናዳ የሚገኙ ተመራማሪዎች ናያሲን በብዛት ሲወሰድ ኮሌስትሮልን እንደሚቀንስ አሳዩ። ናያሲን ቫይታሚን ቢ3 ነው። መጥፎ የሚባለውን ኮሌስትሮል ዝቅ፣ ጥሩ የሚባለውን ከፍ ስለሚያደርግ ለብዙ ዓመታት ለልብ ሕሙማን ሲታዘዝ ኖረ። በኋላ ግን ስታቲን የሚባሉት መድኃኒቶች መጡ። ስታቲን በሚወስዱ ከ25 ሺህ በላይ ሰዎች ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2014 ውጤቱ የታተመ ጥናት ደግሞ፣ ናያሲን ያለበትን መድኃኒት መጨመር የልብ ድካምንም ሆነ ስትሮክን በሚታይ መጠን እንዳልቀነሰ አረጋገጠ። ጉዳቱ ግን በዝቶ ታየ። የምርመራ ወረቀት ላይ ያለው ቁጥር ስላማረ ብቻ ልብ ዳነ ማለት አይደለም።

ልዩነቱን ልብ ይበሉ። ለአዋቂ ሰው በቀን የሚያስፈልገው ናያሲን ከ14 እስከ 16 ሚሊ ግራም ነው፤ ይህም ከለውዝ፣ ከዶሮ፣ ከጣና ዓሣ፣ ከእህልና ከጥራጥሬ ይገኛል። ለኮሌስትሮል የሚታዘዘው ግን 1 ሺህ ሚሊ ግራምና ከዚያ በላይ ነው። በዚህ መጠን ሲወሰድ ፊትና አንገትን ያቀላል፣ ያቃጥላል፣ ያሳክካል፤ ጉበትን ሊጎዳ፣ የደም ስኳርን ከፍ ሊያደርግ፣ ሪህንና የጨጓራ ቁስለትን ሊያባብስ ይችላል። ስለዚህ የስኳር፣ የጉበት፣ የሪህ ወይም የጨጓራ ሕመም ካለብዎ ይበልጥ ይጠንቀቁ።

ምን ያድርጉ? የተላከልዎትን ብልቃጥ ይዘው ሐኪም ያማክሩ። የደም ግፊትዎን፣ የደም ስኳርዎንና ኮሌስትሮልዎን ይለኩ፤ ኮሌስትሮል ከፍ ማለቱ በአብዛኛው ምልክት የለውምና። ስታቲን ከታዘዘልዎ ደህና ነኝ ብለው በራስዎ አያቋርጡ። በዳባትም ሆነ በደባርቅ ደጋ የሚበቅለው ገብስ ኮሌስትሮልን የሚቀንስ አሰር አለው፤ ቅንጬውን ቅቤ ሳያበዙ ይብሉ። ባቄላና ሽምብራ ያዘውትሩ፤ የሚረጋ ዘይትና ጨው ይቀንሱ፤ ሲጋራ ያቁሙ፤ በየቀኑ ይራመዱ።

ደረትዎን ጨምድዶ ከያዘዎ፣ ወይም ፊትዎ በአንድ ወገን ከተጣመመና እጅዎ ከዛለ፣ እስኪነጋ ሳይጠብቁ ወደ ሆስፒታል ይሂዱ። ዳግማዊ ምኒልክ ያላገኙትን ሕክምና ዛሬ እርስዎ ሊያገኙት ይችላሉ፤ የሚጠቅመው ግን በጊዜ ከደረሱ ነው።